የግራዝማች አንዳርጌ የቁም ተዝካር

አንዲት በቅሎ ያለችባት አባባል አለች። ሽማግሌዎች ለቅሶ ቤት ተቀምጠው የሟቹን ደግነት ሲያወሱ ጣል ያደርጓታል፤ ሰሚውም "እውነት ነው" ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። በቅሎ ለቅሶ ቤት ምን ልትሠራ ገባች ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ሁሉም የገባው መስሎ ይነቀንቃል! የገባችው እንዲህ ነው።

ወይራ አምባ በምትባል አገር ግራዝማች አንዳርጌ የሚባሉ ባለጸጋ ነበሩ። ጎተራቸው ሙሉ፣ ከብታቸው ሜዳ የማይበቃው፣ እጃቸው ግን አንዴ ከተጨበጠ የማይፈታ። እሳት ሊጭር የመጣን ጎረቤት "ፍሙን ውሰድ፣ አመዱን ግን መልስልኝ" የሚሉ ሰው ናቸው። ጾም ሲገባ ከካህናቱ ይበልጥ ደስ የሚላቸው እሳቸው ነበሩ። ለጽድቁ እንዳይመስላችሁ፤ ቅቤው ስለሚተርፋቸው ነው።

እኚህ ሰው በቅሎ ገዙ። ዳማ ትባላለች። የቀድሞ ጌታዋ ባሻ ውብነህ በቅርቡ ያረፉ፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰው ነበሩ። ባሻ እሑድ እሑድ ሚካኤልን ሊሳለሙ ሲሄዱ፣ በቤተ ክርስቲያኑ በር ከተቀመጡት ነዳያን ፊት አንድ በአንድ በቅሎዋን ያቆማሉ። ከኮረጇቸው አውጥተው "የእሱ ነው፣ እኔ ተሸካሚ ነኝ" እያሉ ይሰጣሉ። ከዚያ ያልፋሉ። ዳማም ኮርቻ ከተጫነባት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ማለት ይኸው ብቻ ይመስላት ነበር።

ግራዝማች ይህን ማን ነግሯቸው! በመጀመሪያው እሑድ ነጭ ለብሰው፣ ተኮፍሰው፣ ከቅዳሴ በኋላ የሚበሏትን ዳቦ ቋጥረው ወጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዳማ ዐይነ ስውሩ አያ ጉግሳ ፊት ቀጥ ብላ ቆመች።

"መጭ!" አሉ ግራዝማች።

ዳማ ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም።

"መጭ እንጂ! ምን ነካሽ?"

"ዳማ ናት እንዴ?" አለ አያ ጉግሳ ፊቱ በርቶ። "ጌታው፣ በከንቱ አይድከሙ። ካልሰጡ አትሄድም።"

"ምን ልስጥ?"

"ያለዎትን ነዋ!"

"ምንም የለኝም!"

"ዳቦው ይሸተኛል እኮ ጌታዬ። የታወረው ዐይኔ ነው እንጂ አፍንጫዬ አይደለም።"

ሕዝቡ ቆሞ ያያል። ግራዝማች ጥርሳቸውን ነክሰው ከዳቦዋ ቆረሱለት። ዳማ ተራመደች፤ እስከሚቀጥለው ነዳይ ድረስ። እንዲህ እንዲህ እያለች ዳቦዋ አለቀች፤ ግራዝማችም አስቀድሰው በባዶ ሆዳቸው ቤታቸው ገቡ።

በሚቀጥለው እሑድ ብልጠት አምጥተው ለአያ ጉግሳ አንዲት ሽምብራ ወረወሩለት። ዳማ አንገቷን አዙራ ትክ ብላ አየቻቸው። እጃቸውን ሞልተው እስኪዘግኑ ድረስ ንቅንቅ አላለችም። በጓሮ መንገድ ሊወስዷት ሞከሩ፤ እሷው መልሳ በዋናው በር አመጣቻቸው። በእግር እንዳይሄዱ ደግሞ ግራዝማችነት አለ! ከሁሉ ያናደዳቸው ምርቃቱ ነው። ነዳያኑ ዳቦውን ተቀብለው፣ እሳቸውን አልፈው፣ "እግዜር ይስጥሽ ዳማ! ዕድሜሽን ያርዝመው ዳማ!" ይላሉ።

አንድ ቀን ግራዝማች የአንድ ባላባት ለቅሶ ሄዱ። አልቃሿ የሺመቤት ሙሾ ስታወርድ ድንጋይ ታስለቅሳለች፤ ያን ቀንም አገሩ ሁሉ ደረቱን እየመታ አለቀሰ። ግራዝማች ከሰው መሐል ቆመው ድንገት ራሳቸውን ጠየቁ። "እኔ ስሞትስ? ማን ያለቅስልኛል? ምን ይባልልኛል?" ልጅ አልወለዱም። ያን ዕለት እንቅልፍ በዐይናቸው አልዞረም። ሲነጋ ወደ ነፍስ አባታቸው ወደ መምሬ ቀጸላ ሄዱ።

"አባቴ፣ በቁሜ ተዝካሬን ላወጣ ነው" አሏቸው።

"እሰይ! ድሀ ማብላት መልካም ነው።"

"ሙሾም ይወረድልኛል።"

"ሙሾ? ለቁም ሰው?"

"ስሞት የሚሉኝን በጆሮዬ ሰምቼ ብሞት ምን አለበት?"

መምሬ ቀጸላ ጢማቸውን እያሻሹ፣ "ልጄ፣ እንዲሉልህ የምትፈልገውን ብትሠራው አይቀልም?" አሉ።

አልቀለላቸውም። ቀጥ ብለው የሺመቤት ዘንድ ሄዱ።

"እኔ ያልተሠራ ነገር አላለቅስም" አለች የሺመቤት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። "ሕዝቡ የመሰከረውን ብቻ ነው የማወርደው። ሟቹ ባይሰማኝ እግዜር ይሰማኛል። እርስዎማ እዚያው ቁጭ ብለው ሊሰሙኝ ነው!"

"ይመስክር! ማን ከለከለ? ሰዉን ካስለቀስሽው ቀይዋ ጊደር ያንቺ ናት። ካላስለቀስሽ ግን የምትበይውን እንኳ ከቤትሽ ይዘሽ ነይ።"

"ሰው ካለቀሰ ጊደሯ የኔ ናት። ተስማማን?"

"ተስማማን!"

ዳሱ ተጣለ። ባላባቶቹ በምንጣፉ ላይ ተደረደሩ። ነዳያኑ ግን፣ ትራፊ ካለ ይደርሳቸዋል ተብሎ፣ ከዳሱ በር ውጭ እንዲቀመጡ ተደረገ። ግራዝማች ካባቸውን ደርበው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተሰየሙ፤ ሟችም ባለ ድግስም እሳቸው ናቸው! እንደ ልማዱም የ"ሟቹ" በቅሎ በሙሉ ዕቃዋ ተጭና ወደ መሐል ወጣች።

የሺመቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተነሣች። "የግራዝማችን ደግነት የምታውቁ፣ ተናገሩ!"

ጭጭ።

"በሉ እንጂ! አንድ ነገር!"

አንዱ ሳለ። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። "ኧረ ጉሮሮዬን ነው!" አለ ደንግጦ።

ግራዝማች ወንበራቸው ላይ ተቁነጠነጡ። በመጨረሻ ጎረቤታቸው ተነሣ። "እሳት ሰጥተውኝ ያውቃሉ" አለ።

"ተመስገን!" አለች የሺመቤት። "ከዚያስ?"

"ከዚያማ አመዱን መለስኩ።"

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ግራዝማች ፊታቸው በርበሬ መሰለ። በዚህ መሐል ዳማን ልብ ያላት አልነበረም። እሷ ግን ወዳጆቿን ከበሩ ውጭ አይታለች። ባላባቶቹን በኮርቻዋ እየገፋች ወጣችና አያ ጉግሳ ፊት ቀጥ አለች።

አያ ጉግሳ እጁን ሰዶ አፍንጫዋን ዳሰሰ። "ዳማዬ! መጣሽልኝ?" አለ። "ጌቶች፣ እኔ ልመስክር። ባሻ ውብነህ ሲሞቱ 'በቃ፣ እሑድ ቀረብን' ብለን ነበር። ይህቺ በቅሎ ግን ጌታዋን ጎትታ ስታበላን ከረመች። እግሯን ስሰማ ባሻ የመጡ ይመስለኛል።"

የሺመቤት የምትፈልገውን አገኘች። ደረቷን መታ አድርጋ አወረደችው፦

"ጌታዋ ሲቸኩል መጭ መጭ እያለ፣
ዳማ እግሯን ተክላ ድሀ ጠግቦ ዋለ።
ባሻ ውብነህ ሙተው አፈር ቢጫናቸው፣
ከኮርቻው ላይ አለ ምጽዋት ልማዳቸው።"

ወየው! ባሻን የማያውቅ አልነበረምና ሰዉ ሁሉ ሆ ብሎ አለቀሰ። ባላባቱ በካባው ጫፍ፣ ወይዘሮዋ በነጠላዋ ጥለት፣ ጎረቤትየው በእጁ መዳፍ እንባውን ያብሳል።

"ተዉ! ተዉ!" ጮኹ ግራዝማች። "የኔ ተዝካር ነው! የሺመቤት፣ ለማን ነው የምታስለቅሺው?"

"ግራዝማች፣ ሰው ካለቀሰ ጊደሯ የኔ ናት ነው ያልነው። ለማን እንደሚለቀስማ አልተዋዋልንም" አለችና ሙሾዋን ቀጠለች።

ግራዝማች ከወንበሩ ወረዱ፤ ካባው አንድ ወገን ተንሸራተተ። በዳሱ በር በኩል ሹልክ ሊሉ ሄደው፣ ሰው በሩን ሞልቶት ሳይሆንላቸው ቀረና ከነዳያኑ አጠገብ መሬት ላይ ዘጭ ብለው ነጠላቸውን ተከናነቡ። ሰው በቁሙ ተዝካሩን አውጥቶ አልቅሱልኝ ሲል ለበቅሎ ይለቀስ?

ዳማም ተራመደች። ከአንዱ ነዳይ ወደ ሌላው እያለፈች መጣችና መሬት ላይ የተቀመጡት፣ የተከናነቡት ግራዝማች ፊት ስትደርስ ቀጥ አለች።

ሰዉ ለቅሶውን ትቶ ለማየት ተንጠራራ።

"መጭ" አሉ ግራዝማች ከነጠላቸው ውስጥ፣ በቀጭን ድምፅ።

አልተነቃነቀችም።

"ማን ፊት ቆማ ነው?" ብሎ ጠየቀ አያ ጉግሳ። አንዷ ጠጋ ብላ በጆሮው ነገረችው። አልሳቀም። አኮፋዳው ውስጥ ዳብሶ ለማታ ያስቀመጣትን ቁራሽ አወጣና እጁን ዘረጋ። "ጌታው፣ ይቀበሉ። የእሱ ነው፣ እኔ ተሸካሚ ነኝ።"

ግራዝማች ቁራሿን ተቀበሉ። ዳማ ወዲያው ተንቀሳቀሰች። እሳቸው ግን እጃቸው ላይ ያለችውን ቁራሽ ሲያዩ፣ ሲያዩ ቆዩና እንደ ሕፃን ልጅ ተንሰቀሰቁ። ቀኑን ሙሉ ማንም ያላለቀሰላቸውን ለቅሶ ራሳቸው አለቀሱት።

ከዚያ ተነሡ። ካባቸውን አውልቀው ለአያ ጉግሳ ደረቡለት፤ ከባላባቶቹ ፊት ሌማቱን አንሥተው በገዛ እጃቸው ከበሩ ውጭ አቀረቡ። "ብሉ! በስሙ ብሉ!" አሉ። ወዲያው ደግሞ አፋቸው አምልጧቸው፣ "ሌማቱን ግን መልሱልኝ!" ብለው ጮኹ። ምላሳቸውን ነከሱ። "ተዉት፣ እሱም ይቅርላችሁ።"

ሰዉ በእንባው ላይ ሳቀበት። የሺመቤት ጊደሯን እየጎተተች፣ "ከዛሬ ጀምረው ከሠሩ እኮ ሲሞቱ የምለው አላጣም" አለቻቸው። መምሬ ቀጸላም ሌማቱ ዳር ቆመው ግራዝማች ሲቆርሱ፣ ዳማም ከትከሻቸው በላይ አንገቷን አስግጋ ስትቆጣጠራቸው አዩና መስቀላቸውን ወደ ባሻ ውብነህ መቃብር አቅጣጫ አንሥተው እንዲህ አሉ፦ "ደግ ሰው ቢሞት፣ በቅሎው ትመጸውት።"