ከቀንበሩ የጎደለው በሬ

በየሰፈሩ የመወራረጃ ቤት በተከፈተ ቁጥር ከአፌ የሚወጣ አንድ አባባል አለ። ወጣቶች ሰምተው ይስቃሉ፤ መነሻውን የሚጠይቅ ግን የለም። ሳይጠየቁ መናገር ያደግንበት ሥርዓት አይደለም፤ ሆኖም ዝም ማለቱም ታከተኝ።

በአያቴ አገር ይርሳውና ባይለየኝ የሚባሉ ሁለት ገበሬዎች ነበሩ። ለእያንዳንዳቸው ከአንድ በላይ በሬ ስላልነበራቸው በመቀናጆ ያርሱ ነበር፤ በሬዎቻቸውን በአንድ ቀንበር ጠምደው ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ ይገለብጣሉ። በዚያ ዘመን ካርታ መጫወት የፈለገ ሰው ከተማ ድረስ መውረድ ነበረበት። ኋላ ግን በገበያው ዳር አንድ የቁማር ጎጆ ተቀለሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ጎጆዎቹ በረከቱ፤ ጨው ሊሸምት የወጣ ሁሉ በደጃፋቸው ሳያልፍ ወደ ቤቱ የማይመለስ ሆነ።

የሰኔ ዝናብ መሬቱን ባራሰ ማግሥት ባይለየኝ በሬውንና ቀንበሩን ይዞ ከማሳው ዳር ጠበቀ። ይርሳው መጣ፤ በትከሻው ላይ የነበረው ግን ባዶ ገመድ ነው።

«አያ ይርሳው፣ ቦራ ወዴት አለ?»

«ትናንት በካርታ አስይዤው ተበላሁ።»

«በሬውን? በሰኔ?»

«ምን ያስጮኽሃል? የገዛ በሬዬን ነው፤ ያንተን አልነካሁም!»

ባይለየኝ ቀንበሩን አንሥቶ በበሬው ጫንቃ ላይ አኖረው፤ ሌላው ጫፍ ከጭቃው ላይ ወደቀ።

«እስቲ እረስ እንግዲህ!» አለው።

ይርሳው አቀርቅሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ ያንተን ለዛሬ ብቻ አውሰኝ። ዕድሌ ተመልሷል፤ ይታወቀኛል። ሁለቱንም እየነዳሁ እመጣለሁ» አለ።

«አንተ ሰው፣ ልጆቼንስ ልጨምርልህ?» አለና ባይለየኝ በሬውን እየነዳ ተመለሰ።

ቤት ለቤት ዞሮ ሌላ ቅንጃ ፈለገ፤ ነገር ግን በሰኔ ሥራ ፈትቶ የቆመ በሬ ከየት ይገኛል? የዘር ጊዜው አለፈ።

በመስከረም ባይለየኝ ልጆቹን በየዘመዱ ቤት አስጠግቶ፣ ለቀን ሥራ ወደ ቆላ ለመውረድ ስንቁን ቋጠረ። የአገር ሽማግሌው አባ ወርቅነህ ሊሸኙት አብረውት ወጡ። በገበያው ዳር ሲያልፉ ይርሳው በሬውን የተበላበት የቁማር ጎጆ ባለቤት ከደጃፉ ቆሞ አያቸውና፣ «አባቴ፣ እኔን አይርገሙኝ። ማንንም አላስገደድሁ። ይርሳውም ቢሆን የጠፋበት አንድ የራሱ በሬ ነው» አላቸው።

ሽማግሌው ወደ ማዶ ተመለከቱ። ከለመለመው ጤፍ መካከል አረም የዋጣቸው ሁለት ማሳዎች ጎን ለጎን ተኝተው ነበር። እርሳቸውም በትራቸውን ወደዚያ ዘርግተው፣ በደከመ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ቁማርተኛ አንድ በሬ ያስይዛል፤ ሁለት ማሳ ጦም ያሳድራል» አሉት።