ከአቶ ልሳነወርቅ ግሩፕ ምን ተማርሽ?

አቶ ልሳነወርቅ በቴሌግራም ስለ ብሎክቼን፣ ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ ስለሚይዙት የዲጂታል መዝገብ፣ የሚያስተምሩበት ትልቅ ግሩፕ ነበራቸው። አንድ ቀን አባላቱን ሐዋሳ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሰበሰቡና «በብሎክቼን ዓለም አለቃ የለም፤ ሁላችንም እኩል ነን። አንዴ የተጻፈውንም ማንም አያጠፋውም» ብለው አስረዱ። ከዚያም የግሩፑ የዕድሜ ልክ ሰብሳቢ ሆነው እንዲመረጡ ጠየቁ።

እጅ ከመውጣቱ በፊት ዓይናቸው ከሻሸመኔ በመጣች አንዲት ልባሽ ጨርቅ ነጋዴ ላይ አረፈ። ግሩፑ ላይ ጥያቄ የምታበዛ ሴት ስለነበረች ሰው ፊት ሊያሳፍሯት ፈለጉ።

«እስቲ ተነሺና ማይኩን ያዢ» አሏት። «ዓመት ሙሉ ከእኛ ጋር ነበርሽ። ምንም አልተማርኩም ካልሽ፣ ትምህርት ለማይገባው ሰው ቦታ የለንምና አሁኑኑ ከግሩፑ አስወጣሻለሁ። ተምሬአለሁ ካልሽ ደግሞ አስተማሪሽን አመስግነሽ የመጀመሪያውን ድምፅ ትሰጪኛለሽ።»



«ኧረ በደንብ ተምሬአለሁ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች ሴትዮዋ። «ብሎክቼን ላይ የተጻፈ ነገር እንደማይጠፋ ገብቶኛል።»

አቶ ልሳነወርቅ ደስ ብሏቸው ወደ ተሰብሳቢው ዞሩ። «ሰማችሁ አይደል?»

«አልጨረስኩም» አለች። «እርስዎ ግሩፕ ላይ ግን ‹ሰብሳቢ የምንመርጠው መቼ ነው?› ብዬ በጻፍኩ ቁጥር ወዲያው ይጠፋብኛል። ስለዚህ ድምፄን እሰጥዎታለሁ፤ ብቻ የዕድሜ ልክ ሹመትዎ እዚያው ግሩፑ ላይ ይጻፍልኝ። እዚያ የተጻፈ ነገር ሻይ እስኪፈላ እንኳ አይቆይም።»

አቶ ልሳነወርቅ እጅ አውጡ ቢሉም፣ የሁሉም እጅ ሳቁን ለማፈን አፉ ላይ ነበር።