«ይለፍ» የሚል ታርጋ

«አንድ ተጠራጣሪ ሰው ነበረ» አለ የጥበቃ ኃላፊው፣ አዲሱ የሕንፃው ጠባቂ «በር ላይ ስፈትሽ የማውቃቸውን ሰዎችም ልፈትሽ ወይ?» ብሎ ቢጠይቀው። ታሪኩም እንዲህ ነው።

ሰውዬው ማንንም አያምንም። ሻይ ሲቀዱለት ስኳሩን ራሱ ካልጨመረ አይጠጣም። በሩን ቆልፎ ከወጣ በኋላ ተመልሶ እጀታውን ይነቀንቃል። ሥራው ሶፍትዌር መሥራት ሲሆን በዚያን ወቅት ለጤና ጣቢያዎች የሚሆን አንድ ፕሮግራም ይዞ ነበር። ነርሷ የታመመውን ልጅ መዝና ኪሎውን ስታስገባ፣ ፕሮግራሙ ምን ያህል ሽሮፕ እንደምትሰጠው ይነግራታል። ቀላል ይመስላል። ግን ፕሮግራሙ ከተሳሳተ የሚጎዳው ያ ልጅ ነው፤ ሰውዬውም ይህን ስለሚያውቅ እንቅልፍ የለውም።

ስለዚህ ፍተሻ አበዛ። እዚህ ላይ ፍተሻ ሲባል ኪስ መዳበስ አይደለም። ትልቁን ፕሮግራም በጥያቄ የሚያፋጥጥ ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ነው። «አሥር ኪሎ የሚመዝን ልጅ ቢመጣ ስንት ትሰጣለህ?» ይለዋል። በትክክል ከመለሰ አረንጓዴ ይበራል፤ ከተሳሳተ ቀይ። ሰውዬው እንዲህ ዓይነት ፍተሻ በመቶዎች የሚቆጠር ነበረው።

ችግሩ ሁሉንም ማስኬድ ግማሽ ቀን ይፈጃል። አንዲት መስመር በነካ ቁጥር ግማሽ ቀን እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ ነው? አይሆንም። እናም በየፍተሻው ላይ ታርጋ፣ ማለትም የአንድ ቃል ምልክት፣ ለጠፈ። «ፈጣን» የሚል አለ፣ «ከባድ» የሚል አለ፣ ሌላም ሌላም። ከዚያ ኮምፒዩተሩን «ዛሬ ፈጣን የሚል ታርጋ ያለባቸውን ብቻ አስኪድ» ይለዋል፤ የቀሩት አርፈው ይቀመጣሉ። ብልህ አሠራር ነው፣ እንከን አይወጣለትም።

ሥራው ሲበዛበት አንዲት ልጅ ቀጠረ። ፍተሻውን የምታስኬደው፣ ውጤቱንም ሰሌዳ ላይ የምታወጣው እሷ ሆነች። ልጅቷ ከገባች ወዲህ ሰሌዳው አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እሱ ግን ይጠራጠር ጀመር። «እኔ የሠራሁት ነገር እንዲህ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም። ይቺ ልጅ ቀዩን እየደበቀችብኝ ነው» አለ ለራሱ። ስታወራ ዓይን ዓይኗን ያያል። ስልክ ስታነሳ ጆሮውን ያቆማል። ምሳ ስትወጣ ወንበሯ ላይ ተቀምጦ ኮምፒዩተሯን ይጎረጉራል። ምንም አላገኘም። አለማግኘቱ ደግሞ ይባስ አስጠረጠረው፤ እንዲህ አድርጋ የምትደብቅ ከሆነማ ቀላል ሌባ አይደለችም!

ፕሮግራሙ ለጤና ጣቢያዎቹ ሊሰጥ አንድ ቀን ሲቀረው መታገሥ አቃተው።

«ነይ እስቲ» አላት። «ይሄ ሁሉ አረንጓዴ ከየት መጣ?»

«ከፍተሻው ነዋ!»

«አታሹፊብኝ። አንድ ሳይቀር አስኪደሻል?»

«ያለፈውንማ ለምን ብዬ አስኬዳለሁ? ያለፈ አለፈ።»

«ማነው አልፏል ያለሽ?»

«ታርጋው ነዋ ጋሼ! ‹ይለፍ› ይላል እኮ። ይለፍ ካለ አልፏል ብዬ አረንጓዴ አደረግኩት። የይለፍ ወረቀት የያዘ ሰው ከበር ይመለሳል እንዴ?»

«ማነው ይሄን የለጠፈው?» አለ፤ ድምፁ ግን ወርዷል።

«እኔ ስገባ ነበረ።»

ሰውዬው ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ታርጋውን የለጠፈው ራሱ ነበር። ሥራው ሲጀመር ሐኪሞቹ ለጨቅላ ሕፃናት በሚሰጠው መጠን ላይ ገና አልተስማሙም። እሱም «ለጊዜው ይለፍ፣ በኋላ እንመለስበታለን» ለማለት ያቺን ቃል ለጠፈ፤ ሐኪሞቹ ኋላ ቢስማሙም እሱ ረሳት። ይዘለል ማለቱ ነበር። ልጅቷ ደግሞ ተፈትኖ ያለፈ መሰላት። ማንም አልዋሸም። አንዲት ቃል ለሁለት ሰው ሁለት ነገር ተናገረች፣ በመሃል አንድ ፍተሻ ሳይሠራ ከረመ።

ሰውዬው ታርጋውን ነቀለና ፍተሻውን አስኬደው። ሰሌዳው ቀላ። ገና ሦስት ኪሎ ላልሞላ ጨቅላ፣ ፕሮግራሙ የትልቅ ልጅ መጠን አዞ ቁጭ ብሏል።

ወዲያው ለጤና ጣቢያዎቹ ደወለና «ነገ አይደርስም፣ ይቅርታ» አለ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረ።

«አንቺን እኮ ስጠረጥርሽ ነበር።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ምሳ ስወጣ ወንበሬን ዝቅ አድርገው ነው የሚሄዱት።»

የጥበቃ ኃላፊው ታሪኩን እዚህ ላይ አቆመና አዲሱን ጠባቂ አየው።

«እንግዲህ አያልነህ፣ ሰውዬው ሰውን ሁሉ ሲጠረጥር የራሱን ቃል ብቻ ሳይጠረጥር ቀረ። አንተም እንደሱ ነህ። የገባ ሁሉ ልብሱን አውልቆ ይፈተሽ አላልኩህም፤ እንደዚያ ካደረግክ ሰልፉ አስፋልቱን ዘግቶ ሁለታችንንም ያባርሩናል። መምረጥ የግድ ነው። ግን ‹የማውቃቸው› የምትላቸው እነማን ናቸው? ያ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሰውዬ አንድ ጠዋት በስምህ ጠርቶ ሰላም አለህ፤ አንተም በልብህ ‹ይለፍ› ብለህ ለጠፍክበት። ከዚያ ወዲህ ቦርሳው ተከፍቶ አያውቅም። ሲጠይቁህ ‹እሱማ ንጹሕ ነው› ትላለህ። በምን አወቅክ? እሱ ፍተሻውን አላለፈም፤ ፍተሻው ነው እሱን ያለፈው። የማታውቀው ሰው ላይማ ማንም ሳይነግርህ ታፈጥበታለህ። ስለዚህ አልፎ አልፎ ታርጋውን ሁሉ ንቀለው። ያን ቀን ደግሞ ‹ልፈትሽህ› ለማለት የምታፍረውን ሰው አስቀድም።»

ኃላፊው የራሱን የትከሻ ቦርሳ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አኖረለት።

«ምን ታየኛለህ? ክፈተው እንጂ!»