የቀይ ጉብታ ደን

አገር ለመለመች የሚባለው በምን ተለክቶ ነው? ሪፖርት ሲነበብለት የሚያጨበጭብ ሁሉ ይህን መጠየቅ ነበረበት፤ አይጠይቅም። የቀይ ጉብታ ሰዎች ግን ቁጥር ሲደረደርላቸው አንዲት አጭር አባባል ይወረውራሉ። ያቺ አባባል ባለቤት አላት።

እማማ ደብሪቱ ውሃ የሚቀዱት ሁለት ሰዓት ተጉዘው ነው። የሰፈራቸው ምንጭ ከነጠፈ ቆይቷል። ጉብታው ዛፍ ከለበሰ ምንጩ ይመለሳል ስለተባለ፣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሦስት ክረምት ወጥተው ችግኝ ተከሉ። ተከላውን የሚመራው አስናቀ የሚባል የወረዳ ሹም ነበር። በመጀመሪያው ክረምት፣ ተከላውን የሚጎበኙ እንግዶች ከመድረሳቸው በፊት ቁጥሩ እንዲሞላ ቸኩሎ፣

«የችግኙን ፕላስቲክ እያወለቃችሁ ጊዜ አትፍጁ፤ እንዳለ ቅበሩት» አለ።

«ልጄ፣ ሥሩ በየት በኩል ይውጣ?» አሉት እማማ ደብሪቱ።

«እማማ፣ እኔን የሚጠይቁኝ ስንት ተተከለ ብለው ነው። ሥሩን ማንም አይጠይቀኝም።»

ችግኙ በጋውን አልተሻገረም። በሚቀጥለው ክረምት እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሌላ ተቀበረ፤ እሱም ደረቀ። ሦስተኛውም እንደዚያው። በአስናቀ መዝገብ ላይ ግን አንዱ ባዶ ጉድጓድ ሦስት ዛፍ ሆኖ ተጻፈ። የተቀበረ ፕላስቲክ ደን ከተባለማ የከተማው ቆሻሻ መጣያም ጫካ ነው!

በአራተኛው ዓመት ሰፈሩ የእጅ ፓምፕ እንዲተከልለት አመለከተ። ማመልከቻውን ይዘው ወረዳ የወረዱት እማማ ደብሪቱ ናቸው። አስናቀ መዝገቡን ገለጠ።

«የእናንተ ቀበሌ በአረንጓዴ ዕድገት መለኪያ አንደኛ ወጥቷል። ደን ያለው ምንጭ አለው ማለት ነው፤ ስለዚህ ፓምፑ ለሌላ ቀበሌ ተሰጥቷል።»

«ምንጩ ደረቅ ነው እያልኩህ።»

«መለኪያው እንደዚያ አይልም፣ እማማ።»

«እንግዲያው እንስራዬን ለመለኪያህ ስጠውና ይቅዳልኝ።»

አስናቀ ሳቀ፤ ማመልከቻውንም መሳቢያ ውስጥ ከተተው። እማማ ደብሪቱ ያንን ሁሉ መንገድ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ከሳምንት በኋላ ለቀበሌው ዋንጫ ሊሰጥ ሕዝቡ ጉብታው ላይ ተጠራ። የሚያስጠልል ዛፍ ስለታጣ ለእንግዶች ድንኳን ተጥሎ ነበር። አስናቀ ድምፅ ማጉያውን ጨብጦ «ሦስት መቶ ሺህ ችግኝ» ሲል ከድንኳኑ ውስጥ ጭብጨባ ተሰማ። ፀሐይ ላይ የተቀመጠው ሰው ግን በእጁ ግንባሩን ከልሎ ነበር። ያን ጊዜ እማማ ደብሪቱ ከመሬት ተነሥተው ወደ ፊት ወጡ።

«ጥያቄ ካለዎት ቢሮ ይምጡና እንነጋገራለን» አላቸው አስናቀ ገና ሳይናገሩ ቀድሞ።

«ቢሮህማ መጥቼ ነበር» አሉ እማማ ደብሪቱ። «አሁን እዚሁ፣ እንግዶችህም ሕዝቡም እየሰሙ መልስልኝ፤ የተከልከውን ነገርከን፤ የጸደቀው የታል?»