ማንም ሳይሞት የተነፋ ጡሩምባ

አንድ የእድር ጡሩምባ ነፊ ሽማግሌ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ማንም ሳይሞት ጡሩምባውን ነፋ። በላይኛው ሰፈር ነፋ፣ በታችኛው ሰፈር ነፋ፣ ከወንዝ ማዶ ላሉትም ቆሞ ነፋ። "የት ነው?" ሲሉት "እኔ ደጅ" እያለ አለፈ።

ፀሐይ ሳትወጣ ሰዉ ከደጁ ደረሰ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ወንዶቹ አዲሱን ድንኳንና አግዳሚ ወንበሮቹን ተሸክመዋል። መቃብር ቆፋሪው ዘውዱ አካፋውን እንደያዘ ከቤተ ክርስቲያን በኩል እየሮጠ መጣ፤ ሁልጊዜ የሚጠይቃትንም አንድ ጥያቄ ጠየቀ።

"አባባ ሽብሩ፣ የትልቅ ሰው ነው የልጅ? የጉድጓዱን አፍ ከፍቻለሁ፤ ልኩን ልወቅ።"

ሽማግሌው ጡሩምባውን ጭኑ ላይ አድርጎ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

"የማንም አይደለም" አለ።

"እንዴት የማንም?"

"ማንም አልሞተም።"

የእድሩ ዳኛ የተሸከመውን ካስማ መሬት ላይ ወረወረው። "አባባ ሽብሩ፣ ጤና የለዎትም እንዴ? በሬውን ጠምዶ የነበረ ሰው አለ እኮ!"

"ጃጅቷል" አለ ከኋላ አንዱ።

"ባለፈው ስብሰባ አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ዛሬ በቆርቆሮ ተናገረ!" አለች አንዲት ሴት። ጥቂቶች ሳቁ።

እውነቷን ነው። ባለፈው አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ነገሩ እንዲህ ነው።

ሽማግሌው ትርሲት የምትባል የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጅ አለችው። የያዛት የልጆች የስኳር በሽታ ነው። ጣፋጭ በልታ ያመጣችው አይደለም። ሰውነቷን ከበሽታ የሚጠብቀው ኃይል ወዳጅና ጠላት መለየት አቅቶት የገዛ ቆሽቷን ወጋ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ኢንሱሊን ትወጋለች። መርፌው ያኖራታል እንጂ አያድናትም። ቤቱ ፍሪጅ ስለሌለው ብልቃጡ የሚቀመጠው እርጥብ አሸዋ በሞላው ማሰሮ ውስጥ ነው። ሽማግሌው በየማለዳው ተነሥቶ አሸዋውን ውኃ ያጠጣል።

ከእሷ በፊት በዚያው ሰፈር ሁለት ልጆች "ውኃ፣ ውኃ" እያሉ፣ ከስተው ከስተው ሞተዋል። ሰዉ "ቡዳ ነው" አለ። ለሁለቱም ጡሩምባውን የነፋ እሱ ነው።

ባለፈው ወር የእድሩ ስብሰባ ላይ ትርሲትን የምታክም አንዲት ሐኪም መጣች። ይህን በሽታ ከሥሩ ለመንቀል ከሌሎች ሐኪሞች ጋር ምርምር ይዛለች። ሁለት ነገር ለመነች። እድሩ ከወርኀዊ መዋጮው ለምርምሩ ጥቂት እንዲቆርጥ፣ ወላጆችም ልጆቻቸው ለጥናት ጥቂት ደም እንዲሰጡ እንዲፈቅዱ።

"መድኃኒቱ መቼ ይደርሳል?" አላት ዳኛው።

"አላውቅም።"

"ዘንድሮ?"

"ዘንድሮስ አይደርስም። አሥር ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ሃያም። እኔ ራሴ ላላየው እችላለሁ። ከእኔ በኋላ የሚመጣው ግን እኔ ካቆምኩበት ይነሣል።"

"የሞከርሽው አልሆን ቢልስ?"

"አለመሆኑን ጽፈን እናስቀምጣለን፤ ሌላው በዚያ መንገድ እንዳይደክም።"

ሰዉ በሳቅ ወደቀ። "አለመሆኑን እንድትጽፊ ነው ገንዘብ የምንሰጥሽ?" አሏት። "ደማችንን ወስዳ ልትሸጠው ይሆናል" ያለም ነበር። ሐኪሟ ምርር አላት። "ቀኑን ዋሽቼ ብነግራችሁ ኖሮ ትሰጡኝ ነበር ማለት ነው?" አለች። ወረቀቷን ሰብስባ ወጣች።

እሷ ከበሩ ሳትርቅ የአዲስ ድንኳን ግዢ ተነሣ። እጅ ሁሉ ወጣ። አንድ ሰው አንድ ጥያቄ አልጠየቀም። ሽማግሌው በሩ አጠገብ ተቀምጦ ዝም አለ። ዝም ማለቱ ግን እስከ ቤቱ ተከተለው፤ ምግቡም እንቅልፉም አልጥም አለው።

አሁን ዳኛው ከፊቱ ቆሟል። "ማንም ካልሞተ ታዲያ ለምን ጠሩን?"

ሽማግሌው ሳይመልስ ከጓዳ የልጅ ድምፅ መጣ። "አባባ፣ ማን ሞተ?"

"ማንም፣ ልጄ። ተኚ።"

ሳቁ ቆመ። ሽማግሌው ተነሥቶ በሩን ገርበብ አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ይቺ ልጅ ብትሞት ትመጡ ነበር?"

"ምን ዓይነት ጥያቄ ነው! እንመጣለን እንጂ!" አለ ዳኛው።

"ሦስት ቀን ትቀመጡልኝ ነበር?"

"ደንባችን አይደል?"

"እንግዲያው በሕይወት አለች። ተቀመጡ።"

ማንም አልተቀመጠም። ያን ጊዜ ሽማግሌው በዕድሜው ተናግሮት የማያውቀውን ያህል ተናገረ።

"ሠላሳ ዓመት ነፋሁላችሁ። ሞት መቼ እንደሚመጣ የነገራችሁ አለ? የለም። ግን በየወሩ ታዋጣላችሁ። ድንኳኑ ዓመት ሙሉ ተጠቅልሎ ቢቀመጥ ከሰርን አትሉም። ቀኑን ለማታውቁት ሞት ማንም ሳይለምናችሁ ትሰጣላችሁ፤ ቀኑን ለማታውቁት መዳን ግን ቀጠሮ ቁረጪ አላችኋት። ሰለቸኝ። ለልጅ መንፋት ሰለቸኝ።"

ዳኛው መሬት መሬቱን አየ። ቢሆንም ዳኛ ነው፤ ደንብ ይዞታል። "እድሩ የተቋቋመው ለቀብር ነው፣ አባባ። በከንቱ የነፋ ደግሞ ከሥራው ይነሣል። ጡሩምባውን ያስረክቡ።"

"እንካ" አለ ሽማግሌው። ቀሎት ነበር የሰጠው። ዳኛው ተቀበለው፤ ለማን እንደሚሰጠው ግን ጨነቀው። ወደ ቀኙ አለ፣ ወደ ግራው አለ፤ እጁን የዘረጋ የለም። በመጨረሻ ብብቱ ሥር ሸጎጠው። ሰዉም ድንኳኑን ሳይተክል፣ እያጉረመረመ፣ እንደተሸከመ ተመለሰ።

እንግዲህ ይህን የሰማችሁ አስቡበት። ለሞት መዘጋጀት ጥሩ ነው፤ ወግ ነው። ሞትን ሊያስቀር የሚደክመውን ሰው ግን "ቀኑን ካልነገርከን" ብሎ ማባረር ከሞት ጋር ማበር ነው። የሚመራመር ሰው "አላውቅም" ካለ አልዋሸምና እመኑት። ይልቅ "በሰባት ቀን አድንላችኋለሁ" ብሎ የሚምለውን ፍሩ። ያልተገኘው ነገር የሚገኘው ሳይታይ በተሰጠ መዋጮና ሳይሰለች በተፈለገ ፍለጋ ነው።

ከሰዉ ሁሉ ኋላ የቀረው ቆፋሪው ዘውዱ ነበር። አካፋውን ትከሻው ላይ አደረገ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ጠጋ አለ።

"የከፈትኩትን ጉድጓድ ሄጄ እደፍነዋለሁ፣ አባባ" አለው። "ከዚያ የሐኪሟን ቤት ያሳዩኝ። መዋጮዬንም ትውሰድ፣ ከልጆቼም ደም ትቅዳ። እኔ የልጅ መቃብር ስቆፍር አንድ ቀን ቀጠሮ ጠይቄ አላውቅም። ላለመቆፈርማ ምን ብዬ እጠይቃለሁ?"