ደምሌ የቀባው ሻንሲ

ተረት ልንገራችሁ፤ የዛሬው ተረቴ ጎማ ስላለው ከመንገዱ ዘወር በሉ።

ደምሌ የሚባል የጨው መኪና ሹፌር ነበር። ከአፍዴራ ሚሌ ጨው ሲያመላልስ፣ ደሴ ያለችው ሚስቱ እታገኝ ሴት ልጅ ወለደችለት። አንድም ቀን ሳያያት ሰባ ዘጠኝ ቀን ሞላት። ነገ ሰማንያዋ ነው፤ በማለዳ ክርስትና ትነሳለች። እታገኝም «አንተ ካልመጣህ ስም አላወጣላትም» ብላዋለች። አይተውት የማያውቁት ልጅ ይናፍቃል ወይ አትበሉኝ፤ ይናፍቃል፣ ያውም ይብሳል።

ደምሌ ለደሴ የሚሆነውን ጨው ጭኖ፣ ሚሌ ላይ ቁልፉን አዞረ። መኪናው ቀጭ አለና ዝም አለ።

«መኪና ሆይ፣ ሂድ፤ ልጄ ትጠብቀኛለች።»

«ሞተሩ ካልተነሳ አልሄድም።»

«ሞተር ሆይ፣ ተነሳ፤ መኪናው አልሄድም አለ፤ ልጄ ትጠብቀኛለች።»

«ሞተሪኖው ካላዞረኝ አልነሳም።»

ደምሌ ሞተር ማስነሻውን፣ ሞተሪኖውን፣ በመዶሻ ኮርኮም አደረገው። ሹፌር ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

«ሞተሪኖ ሆይ፣ አዙር፤ ሞተሩ አልነሳም አለ፤ መኪናው አልሄድም አለ፤ ልጄ ትጠብቀኛለች።»

«ባትሪው ካልሰጠኝ አላዞርም።»

«ባትሪ ሆይ፣ ስጠው፤ ሞተሪኖው አላዞርም አለ፤ ሞተሩ አልነሳም አለ፤ መኪናው አልሄድም አለ፤ ልጄ ትጠብቀኛለች።»

«ጢም ብዬ ሞልቻለሁ። ግን የሰጠሁት ካልተመለሰልኝ አልሰጥም።»

ደምሌ አላመነውም። ከሌላ ሹፌር ባትሪ ለምኖ ቀየረ፤ ያም ያንኑ መለሰለት። ይሄኔ እታገኝ ደወለች።

«የት ደረስክ?»

«መንገድ ላይ ነኝ» አላት። አልዋሸም፤ መኪናው የቆመው መንገድ ላይ ነው። ስልኩ ውስጥ ልጅቱ ስታለቅስ ሰማ።

ሮጦ የመኪና ኤሌትሪክ የሚሠሩትን ጋሽ ኑሬን ጠራቸው። ጋሽ ኑሬ አምፖላቸውን በሁለት ሽቦ ይዘው መጡ። አንዱን ጫፍ ባትሪው ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ አስነኩ። አምፖሉ አልበራም።

«ኤሌትሪክ እንዳንተው ነው ልጄ፤ ወጥቶ ቤቱ ካልተመለሰ አይሠራም። መመለሻው ይሄ ነው» ብለው ከባትሪው መኪናውን ሁሉ ወደተሸከመው ብረት፣ ወደ ሻንሲው፣ የሚወርደውን ወፍራም ሽቦ አሳዩት። ሹፌሮች ማሳ ይሉታል።

«ማሳ ሆይ፣ መልስ፤ ባትሪው አልሰጥም አለ፤ ሞተሪኖው አላዞርም አለ፤ ሞተሩ አልነሳም አለ፤ መኪናው አልሄድም አለ፤ ልጄ ትጠብቀኛለች።»

«ያሰረኝ ብሎን ብረቱን ካልነካ አልመልስም» አለ ማሳው።

«ቀለሙ ከመሃል ካልተነሳ አልነካም» አለ ብሎኑ።

ደምሌ አቀረቀረ። ልጄ አባቷን በዛገ መኪና መጥቶ እንዳታየው ብሎ፣ ጨው የበላውን ሻንሲ ትናንት አረንጓዴ የቀባው ራሱ ነው። ሰነፍ ቢሆን ብሎኑን ዘሎት ያልፍ ነበር። እሱ ግን ፈትቶ፣ ሥሩን ሁለት ጊዜ ቀብቶ፣ መልሶ አጠበቀው።

«ቀለም ሆይ፣ ልቀቅ፤ ብሎኑ አልነካም አለ፤ ማሳው አልመልስም አለ፤ ባትሪው አልሰጥም አለ፤ ሞተሪኖው አላዞርም አለ፤ ሞተሩ አልነሳም አለ፤ መኪናው አልሄድም አለ፤ ልጄ ትጠብቀኛለች።»

«የቀባኝ እጅ ካልፋቀኝ አልለቅም።»

እጁ እንቢ አለው። እንዲያ የለፋበት ቀለም ነው።

«ፋቀው» አሉት ጋሽ ኑሬ። «ልጅህ የምትጠብቀው ሻንሲ አይደለም።»

ደምሌ በካራ፣ ከዚያም በጥፍሩ ፋቀ። ቀለሙ ለቀቀ፤ ብሎኑ ነካ፤ ማሳው መለሰ፤ ባትሪው ሰጠ፤ ሞተሪኖው አዞረ፤ ሞተሩ ተነሳ፤ መኪናው ሄደ። ባቲን አለፈ፣ ኮምቦልቻን አለፈ፣ ሳይመሽ ደሴ ገባ።

እታገኝ ልጅቱን አቀፈችና እጁ ላይ አኖረችለት። ደምሌ መንገዱን ሙሉ ስም ሲመርጥ ነበር የመጣው፤ አሁን ግን አንዱም አልመጣልህ አለው። እታገኝ ጥፍሩ ሥር ያለውን አረንጓዴ አየች።

«እኛ ስንጠብቅህ አንተ ቀለም ትቀባለህ?»

«ስፍቅ ነው የቆየሁት» አለ።

ልጅቱ እጇን ዘረጋችና ያንኑ አረንጓዴ ጣት ጭብጥ አደረገችው። ስሙ ያኔ መጣለት።

«ናፍቆት» አለ።

እኔም ተረቴን እዚህ አራገፍኩ፤ ጨው አነሰው ያለ የራሱን ይጨምርበት።