«እንደ ድሮው ነው»

አንድ አናጺ በፈረንሳይ አገር፣ ዝግ ብሎ በሚፈስ ወንዝና በሰፊ ጫካ መካከል በምትገኝ ትንሽ ከተማ ከሚስቱ ጋር ይኖር ነበር። ስሙ አርማን ነው፤ ሚስቱ ሶላንዥ ትባላለች። ልጅ አልወለዱም። በወጣትነታቸው የተዋወቁት ብስክሌት ሲነዱ ነበርና፣ ፀጉራቸው ከሸበተም በኋላ እሁድ እሁድ አብረው መንዳት አላቋረጡም። የሚሄዱበት መንገድ አስፋልት አልነበረም። ከከተማው ጫፍ ተነስቶ የወንዙን ዳር ይዞ፣ በአኻያ ዛፎች ሥር አልፎ፣ ጫካውን ሰንጥቆ የሚወጣ ኮረኮንች ነው። መኪና አይገባበትም፣ የሚያስለከልክ ዳገትም የለውም። ከጎማቸው ሥር ከሚንኮሻኮሸው ጠጠርና ከወፎች ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር የለም።

አርማን ስልሳ ሁለት ዓመት ሲሞላው ዓይኑ መድከም ጀመረ። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ ሞከሩ፤ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ጨርሶ ጨለመበት። የእንጨት ሥራ ቤቱን ዘጋ፤ መጋዙንና መላጊያውን ለሥራ ባልደረቦቹ ሰጠ። ከዚያ በኋላ ሥራው መስኮት አጠገብ ተቀምጦ መዋል ብቻ ሆነ። ሶላንዥ ይህን እያየች መኖር ከበዳት። ባስቲያን ወደሚባል ብስክሌት ጠጋኝ ሄደችና ለሁለት ሰው የተሠራች ብስክሌት ፈልጎ እንዲያመጣላት ለመነችው። ብስክሌቷ ስትመጣ ሶላንዥ ከፊት ተቀምጣ መሪውን ያዘች፤ አርማን ከኋላዋ ሆኖ ፔዳሉን ረገጠ።

የመጀመሪያው እሁድ አርማን ከፍርሃቱ የተነሳ እጀታውን ጨምድዶ ያዘ። ሶላንዥ እንዳይደነግጥ ብላ ከፊታቸው ያለውን መንገር ጀመረች። ጉድጓድ አለ፣ ጠበቅ አድርገህ ያዝ ትለዋለች። አሁን ወደ ግራ ልንታጠፍ ነው ትለዋለች። ጥቂት እንደሄዱ አርማን ወንዙ ዛሬ ምን ቀለም አለው ብሎ ጠየቃት። ልትመልስ ስትል መልሱን አጣችው። ፍሬን ይዛ ቆመችና ውኃውን ደህና አድርጋ አየችው። አረንጓዴም አይደለም፣ ግራጫም አይደለም፤ አቧራ የጠጣ አሮጌ ጠርሙስ ይመስላል አለችው። አርማን ሳቀ። ሲስቅ ከሰማችው ወራት አልፈው ነበር።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሆኖ አለፈ። ሶላንዥ በአንድ እግሯ የቆመችውን ሽመላ፣ በውኃው ላይ የተኛውን ጉም፣ መንገዱን አቋርጦ ሲያልፍ ቆም ብሎ ያያቸውን አጋዘን ትነግረዋለች። ጫካው ውስጥ ሲገቡ ደግሞ አርማን ስለ ባሉጥ ዛፎቹ ይጠይቃታል፤ ግንዱ ቀጥ ያለ ነው ወይስ የተጣመመ፣ ቅርፊቱስ እንዴት ነው ይላል። እሷ ስትነግረው እሱ ያኛው ለበር ይሆናል፣ ይኸኛው ለሕፃን አልጋ ይመቻል እያለ ይመልሳል። እሁድ ማታ አርማን የሚተኛው ደስ ብሎት ነበር።

ሰው ግን ይደክማል። ሶላንዥም ደከመች። ሸሚዙን የምታለብሰው፣ መድኃኒቱን የምትሰጠው፣ ደብዳቤውን የምታነብለት እሷ ናት። ጉልበቷን ያማት ጀምሯል። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ዝም ብላ መንዳት አማራት። ወሬዋን ቀስ በቀስ አሳጠረችው። ምን ይታያል ሲላት ዛፍ ነው ትለዋለች፤ ወንዙስ ሲላት ያው ወንዙ ነው ትለዋለች። በኋላ አንድ መልስ ለሁሉም ጥያቄ በቃት፤ «እንደ ድሮው ነው» ማለት ለመደች። አርማንም የሚጠይቀውን እየቀነሰ ሄደ።

በአራተኛው ዓመት፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ ወደ ጫካው ሲገቡ ሶላንዥ ያየችው ነገር ክው አደረጋት። ለእንጨት ንግድ ሲባል የጫካው ግማሽ ተጨፍጭፏል። ድሮ በጥላ የሚያልፉበት ቦታ ላይ ሰማዩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የቀሩት ጉቶዎች ብቻ ናቸው፤ ግንዶቹ ተከምረዋል፤ ኮረኮንቹን የትራክተር ጎማ አርሶታል።

ብስክሌቷ በትራክተሩ ፈር ውስጥ ስትንገጫገጭ አርማን ከኋላ ሆኖ ጠየቀ።

«ሶላንዥ፣ ጫካው ዛሬ ምን ይመስላል?»

ብነግረው ያዝናል ብላ አሰበች። ደግሞም ስንት ዛፍ ተቆረጠ፣ የትኛው ቀረ እያለ እስከ ቤት ድረስ ይጠይቀኛል ብላ አሰበች። የትኛው ሐሳብ እንደ ቀደመ እሷም በኋላ አላስታወሰችውም።

«እንደ ድሮው ነው» አለችው።

 አርማን ቤት እስኪደርሱ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም።

በሚቀጥለው እሁድ ጉልበቴን አሞኛል አለና ቀረ። ከዚያ ወዲያ ባለው እሁድ ብርዱን አልቻልኩትም አለ። ከዚያ በኋላ ሶላንዥ እንሂድ ማለቱን ተወችው። እውነቱን ለመናገር ቅልል ብሏት ነበር፤ እሁድ ጠዋት እንደ ልቧ መተኛት ጀመረች። ብስክሌቷ መጋዘን ውስጥ ገብታ አቧራ ለበሰች። አርማን ወደ መስኮቱ ተመለሰ። ምግብ ቀነሰ፣ ወሬም ቀነሰ። ክረምቱ ሲበረታ የሳንባ ምች ያዘውና አልጋ ላይ ጣለው። ሶላንዥ ጠዋት ጠዋት ዛሬስ እንዴት ነህ ስትለው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እንደ ድሮው ነው ይላታል። እሷም ሾርባውን አስቀምጣ ትወጣለች። ብርዱ ሳይወጣ አርማን ሞተ።

ፀደይ ሲገባ ሶላንዥ ብስክሌቷን እየገፋች ወደ ባስቲያን ወሰደቻት። የሚነዳት ሰው ካለ ስጥልኝ፣ እኔ ከእንግዲህ አልፈልጋትም አለችው። ባስቲያን በእጁ የነበረውን ሰንሰለት አስቀመጠ።

«ማዳም ሶላንዥ፣ አርማን እዚህ መጥቶ እንደነበር ነግሮዎታል?» አላት።

እንዳልነገራት ስትመልስለት፣ ባለፈው ዓመት ዛፎቹ በተቆረጡ ሰሞን መሬቱን በዱላው እየመታ ብቻውን እንደ መጣ ነገራት። ወንበር እንኳ ሳይቀበል፣ ጫካውን ቆርጠውታል ወይ ብሎ እንደ ጠየቀውና እሱም አዎ እንዳለው ነገራት።

«እንዴት አወቀ?» አለች ሶላንዥ።

«የእንጨት ሰው አይደለም እንዴ? የተቆረጠ ባሉጥ ሽታው አይጠፋውም። ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ፀሐይ ፊቴን ነክታኝ አታውቅም ነበር አለኝ።»

ሶላንዥ መሣሪያ በተቀመጠበት ሣጥን ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ተቆጥቶ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችው።

«ቁጣ አላየሁበትም» አላት ባስቲያን። «ያለኝ ይህን ነው፤ ‹ሶላንዥ ደክሟታል። ለዕውር ሰው ዓለሙን በሙሉ ተሸክሞ ማምጣት ከባድ ነው። ከእንግዲህ አልጠይቃትም› አለኝ። ከዚያ ወጥቶ ሄደ።»

ሶላንዥ እንዳያዝን ብዬ ነው ልትል ነበር። ግን ግማሹ ብቻ እውነት እንደሆነ ታውቀዋለችና ተወችው። ብስክሌቷን መልሳ እየገፋች ወደ ቤቷ ሄደች።

ማግሥቱ እሁድ ነበር። የኋላው መቀመጫ ባዶ እንደሆነ ብቻዋን ነዳች። ወንዙን ተከትላ፣ የተቆረጠውን ጫካ አልፋ፣ መንገዱ እስከሚያልቅበት ሄዳ ተመለሰች። ቤቷ ገብታ ጠረጴዛው አጠገብ ስትቀመጥ ምን እንዳየች ለማስታወስ ሞከረች። ሽመላ ነበረች ወይ? ውኃው ምን ቀለም ነበረው? ከጉቶዎቹ ሥር ቡቃያ ወጥቶ ይሆን? አንዱንም አላወቀችውም። ያን ሁሉ መንገድ ዓይኗን ገልጣ ሄዳ ባዶ እጇን ተመልሳለች። ለአርማን ስትነግረው የነበሩት የሦስት ዓመት እሁዶች ግን አንድ በአንድ መጡላት፤ ጉሙም፣ አጋዘኑም፣ የሱ ሳቅም። ከዚያ ወዲህ ያሉት እሁዶች እንዳልኖረችባቸው ሁሉ ጠፍተዋል።

ያን ጊዜ ገባት። ዓይኔን አበደርኩት ብላ በልቧ ስታስብ ኖራ ነበር፤ ለካ በጥያቄው ዓይኗን ሲከፍትላት የነበረው እሱ ነው። ይህን የምትነግረው ሰው ግን አጠገቧ አልነበረም።

ወዳጄ ሆይ፣ የምንወደውን ሰው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ክፉ ቃል አይደለም፤ ከድካም የተነሳ የምንወረውርለት አጭር መልስ ነው። የሚጠይቀን ሰው ዜና ፈልጎ ብቻ አይጠይቅም፤ ከእኛ ጋር መኖሩን ማወቅ ይፈልጋል። ደክሞህ እንደሆነ ደክሞኛል በለው፤ በግልጽ የተነገረ ድካም ሁለት ሰዎችን አብሮ ያስቀምጣል። እንደ ድሮው ነው ብለህ በሩን አትዝጋበት። በአንተስ ቤት ሲጠይቅህ ኖሮ በቅርቡ መጠየቁን ያቆመ ሰው አለ? ለምን እንዳቆመ ታውቃለህ?